ጠላቂው ያወጣው ድንጋይ

የሰፈራችን ሰው አብዛኛው ጣናን የሚያውቀው ከላይ ነው። ሰማዩ የጠራ ጠዋት ከተራራው ሲያዩት እንደተሰጣ ነጠላ ተዘርግቶ ይታያል፤ «ያ ጣና ነው» ተብሎ ይታለፋል። ወርዶ መዳሰስ ያማረው ሰው አላየሁም። ቆላው ወባ ነው፣ ውሃ ደግሞ እቤታችንም አለ። እኔም በገዛ ፈቃዴ አልወረድኩም። ጣሊያን በነበረ ጊዜ ሰበካው ልኮኝ ወርጄ፣ ሰው ውሃ ሥር ገብቶ ዕቃ ሲለቅም አይቼ መጣሁ። ለማትወርዱት የምጽፈው ይህንኑ ነው። ያን ጊዜ ብጽፈው ጉዳት ነበረው፤ አሁን የሚፈራው ሄዷል።

የጉዞው ምክንያት ደወል ነው። ጣሊያን ደብረ ታቦር ሊገባ ነው በተባለ ሰሞን፣ የሰበካችን ሽማግሌዎች የቤተ ክርስቲያናችን ደወሎች በጣና ደሴት ገዳም ይቀመጡ ብለው መከሩ። ደወሎቹ ሁለት ነበሩ። ትልቁ ነሐስ ነው፤ ከጋፋት ምድጃ በተረፈ ነሐስ የተሠራ ነው ይባላል። ሁለተኛው የድንጋይ ደወል ነው፤ ረዘም ያለ ጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋይ፣ አናቱ የተበሳ፣ በሌላ ድንጋይ ሲመቱት እንደ ብረት የሚጮህ። ለማያውቀው ሰው ተራ ድንጋይ ነው። የቤተ ክርስቲያኑን ንብረት የሚጠብቁት ቄሰ ገበዝ ምሕረቴ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚሉ ሰው ናቸውና፣ መንገድ ላይ ነሐሱን ሽጦ ድንጋዩን ብቻ የሚያደርስ እንዳይኖር ቀጥቃጭ አስጠርተው ሁለቱን በአጭር ሰንሰለት አያያዟቸው። አያ ደምሌ የሚባል ገበሬ ጠንካራ በቅሎ ነበረችው። ነሐሱን በአንድ ጎን፣ ድንጋዩን በሌላው ጎን ጭኖ ወረደ።

የተመለሰው ባዶ እጁን ነው። «ከቆራጣ በታንኳ ተነሣን፤ ብዙም ሳንርቅ ነፋስ መጣ፤ ታንኳው ተገለበጠ፤ እኔና ቀዛፊው በዋና ወጣን» አለ። ቀዛፊው በዚያው ክረምት በወባ ሞተ። ሌላ እማኝ የለም። ይባስ ብሎ አያ ደምሌ በሄደባት በቅሎ ፋንታ በሬ እየነዳ ነበር የመጣው። በሬው ሞቶበት ስለነበር አንበሳሜ ላይ ከአንድ መንገደኛ ነጋዴ ጋር በቅሎዋን በበሬ እንደለወጠ ተናገረ፤ የነጋዴውን ስም ግን አልጠየቀም። ሰው ሰምቶ ዝም አላለም። «ደወሉ በሬ ሆነ» አለ። ልጆች በሬውን «ደወል» ብለው ጠሩት። ቆይቶ ትልልቁም ሰው ለመደና «የደምሌ ደወል ማሳዬ ገባ» እያለ ይካሰስ ጀመር።

ነገሩ በቀልድ ቢቀር ጥሩ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ከጥምቀት በፊት ግን ቄሰ ገበዝ በዐውደ ምሕረቱ ቆመው፣ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ደምሌ ደወሉን ካላመጣ ወይም የሸጠበትን ካልተናገረ እንደሚገዝቱት አስታወቁ። በእኛ ዘንድ የተገዘተ ሰው ጎረቤት እሳት አይሰጠውም። ቢሞትም ቀባሪ የለውም።

እንዲህ እያለ ከደራ የመጣ ጨው ነጋዴ ወሬ ይዞ መጣ። ጣሊያኖች ቆራጣ አጠገብ ጀልባ ከነሞተሩ ሰጥሞባቸው፣ የነሐስ ራስ የሚያጠልቅ ጠላቂ አምጥተው ሐይቁን ያስፈትሻሉ፤ ያገኘውም ዕቃ ዳር ላይ ይከመራል አለ። አያ ደምሌ ይህን ሲሰማ ሽማግሌዎቹን እግራቸው ላይ ወድቆ ለመነ፤ «ሄጄ ልይ»። ቄሰ ገበዝ ከሁለቱም ወገን ያልተዛመደ እማኝ አብሮት ይሂድ አሉ። በእኛ ሰበካ ያልተዛመደ ሰው ማግኘት ከባድ ነው። እኔ ከስማዳ የመጣሁ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሚስቴም ከዚያው ናት። በዚህ የተነሣ ዕጣው ወደቀብኝ። ያየሁትን ሳልጨምር ሳልቀንስ እንድናገር መስቀል ጨብጬ ማልኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ስምል አያ ደምሌን አላምነውም ነበር።

ሰኞ

ጎሕ ሲቀድ ተነሣን። ውርጩ ቃርሚያውን አንጥቶታል። ለወታደር ልብስ የምሰፋ በመሆኔ ትንሽ ጣሊያንኛም አውቃለሁ፣ የይለፍ ወረቀትም አላጣሁም። ወረቀቱ «ሰፊና ረዳቱ፣ የወታደር ልብስ ለመጠገን» ይላል። ረዳቱ አያ ደምሌ መሆኑ ነው። በዕድሜ ይበልጠኛል፣ ጢሙም ሸብቷል፤ ሆኖም ሥራውን አክብሮ መቀሴን እንደ ጎራዴ ወገቡ ላይ ሻጠ። በቅሎዬ ላይ ስንቃችንን፣ መርፌና ክሬን፣ የዘይት ቆርቆሮዬን ጫንን።

ኬላው ላይ ያቆመን ወታደር ወረቀቱን አየ፣ ጢሙን አየ።

«ስንት ዓመት ሰፋህ?» አለው።

«ገና እየተማርኩ ነው» አለ አያ ደምሌ።

ወታደሩ የኮቱ ቁልፍ ወልቆ ነበርና «እስቲ ትከል» ብሎ ደረቱን ሰጠው። አያ ደምሌ ጆንያና የበሬ ጠፍር ሰፍቶ ያውቃል። መርፌውን እንደ ወስፌ ይዞ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ ክሩን እስኪበጠስ እየሳበ ሰፋ። ሲጨርስ ወታደሩ ኮቱን ሊያወልቅ ቢሞክር አልወልቅ አለው፤ ኮቱን ከሸሚዙ ጋር አንድ አድርጎ ሰፍቶታል። ስፌቱን ፈታሁና በደንብ ተከልኩት። ደግነቱ ጓደኞቹ ሳቁ። የሳቀ ኬላ ያሳልፋል፤ አለፍን።

ጣሊያን የሠራው መንገድ ሰፊ ነው፣ ለመኪና ይመቻል። ለእግረኛ ግን የድሮው የእግር መንገድ ይሻላል፤ ካሚዮን ባለፈ ቁጥር አቧራ እንቅም ነበር። ሲመሽ ከመንገዱ ወጣ ብላ ካለች መንደር ደረስንና እመት ጥሩነሽ የሚባሉ ባልቴት «የእግዜር እንግዳ ደጅ አያድርም» ብለው አስገቡን። ውሃ አሙቀው የኔን እግር አጠቡ። ወደ አያ ደምሌ ሲዞሩ እግሩን ሰበሰበ።

«እኔን ይተዉኝ እናቴ። ልገዘት ያለሁ ሰው ነኝ።»

«ተገዝተሃል?»

«ገና ነኝ።»

«እንግዲያ እግርህን አምጣ። ገና ያልመጣ ነገር እግር አያቆሽሽም» አሉና ጎትተው አጠቡት። እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነበር። ገንፎ በቅቤ አቀረቡልን። የኛ ገብስ ይሻላል ብዬ በልቤ አሰብኩ፤ ሰሃኑን ግን ጠረግኩት።

ማክሰኞ

ጉማራ ወንዝ ስንደርስ በቅሎዬ መሐሉ ላይ ቆመች። ስንጎትታት ተኛች። የምትተኛበት ሞልቶ ሳለ ውሃ ውስጥ መተኛቷ ገረመኝ። ስንቃችን ራሰ፣ ክሬ ራሰ፣ ጥቅሉ ሁሉ ተወሳሰበ። አያ ደምሌ ጆሮዋ ላይ ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር አላት፣ ተነሣች። ምን እንዳላት ብጠይቀው «የኔይቱም እዚሁ ትተኛ ነበር» አለ እንጂ አልነገረኝም።

አንበሳሜ የደረስነው ገበያ ባልሆነ ቀን ነው። ገበያ የሌለበት የገበያ ቦታ እንደ ተበተነ ሠርግ ያስከፋል፤ ነፋስ ገለባ ያዞራል፣ ውሻ ይተኛል። በእኛ አገር እንኳ ሁለት ሦስት ሰው አይታጣም። አያ ደምሌ አንዲት ሾላ ሥር ወስዶ አቆመኝ።

«እዚህ ነው የለወጥኩት።»

«ሰው ነበር?»

«ሰው ሞልቶ ነበር፤ የሚያውቀኝ ግን የለም።»

ሾላዋን አየሁ። ሾላ አይመሰክርም። ጠላ ቤት አደርን፤ ቁንጫው እኔን መርጦ እሱን ተወው። ጠዋት ላይ «በዚህ ቀናሁብህ» ስለው «በአንድም ነገር ሰው ቀንቶብኝ አያውቅም» አለና ሳቀ። ከተነሣን ጀምሮ ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ረቡዕ

ወደ ሐይቁ በወረድን ቁጥር ጋቢያችንን አወለቅን፣ ከዚያ እጀ ጠባባችንን ፈታን። ቆራጣ ስንደርስ እኛ ደገኞቹ ላብ በላብ ሆነን፣ የአገሩ ሰው ደግሞ ነጠላ ደርቦ «ዛሬ ቀዝቀዝ ብሏል» ይባባል ነበር። ሐይቁ ከላይ እንደማየው አይደለም። ከቅርብ ሲያዩት ቡናማ ነው፣ ይሸታል፣ አያርፍም።

ያረፍነው የሟቹ ቀዛፊ ሚስት በላይነሽ ቤት ነው። ታንኳው የተገለበጠ ቀን አያ ደምሌ ጋቢውን ያደረቀው እዚያ ነበር። አይታ አወቀችው።

«ጭነቱን አይተሽዋል?» ብዬ ጠየቅኳት።

«ጭነቱን አላየሁም» አለች። «እኔ ያየሁት ሁለት የረጠበ ወንድ ነው። ባሌ መቅዘፊያውን እንኳ አጥቶ ነበር።»

ይህ ለኔ ብዙ ነበር፤ ለቄሰ ገበዝ ግን እንደማይበቃ አውቃለሁ። በላይነሽ ዓሣ ወጥ አቀረበች። በዚያ አገር ዓሣ በጾምም ይበላል። ቀኑ ረቡዕ ነው፣ ርቦናል። እኔ እጄን ታጠብኩ፤ አያ ደምሌ ግን ሌማቱን ወደኔ ገፋው።

«ሌላ ጊዜ ቢሆን እበላ ነበር። ዘንድሮ ለቄሰ ገበዝ ሰበብ አልሰጥም።»

ሽሮ እስኪሠራለት ጠበቀ። እኔም አፍሬ አብሬው ጠበቅኩ፤ ዓሣው እያየን ቀዘቀዘ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ዳር ወረድን። ክምሩን መጀመሪያ ያየነው ያኔ ነው። የሐይቅ ሆድ ዕቃ እንዲህ መሆኑን አላስብም ነበር። ወፍጮ ድንጋይ ከነመጁ፣ የፈረስ እርካብ፣ የውሃ ሣር ያበቀለ ወንበር፣ አፉ በጭቃ የታሸገ እንስራ፣ ጥንድ ቡትስ፤ አንደኛው ውስጥ ትናንሽ ዓሦች ቤት ሠርተዋል። እንስራውን ጠጅ ነው ብለው ብዙ ሰው ተሰብስቦ ከፈቱት፤ የወጣው የሐይቁ ውሃ ነው። ብረትና ነሐስ የሆነውን ሁሉ አንድ የጣሊያን መቶ አለቃ እያስለየ ወደ መጋዘን ያስጭናል። ድንጋይና ሸክላው ለሚፈልግ ይተዋል። ሰው እየመጣ የአባቱን፣ የአያቱን ዕቃ ይፈልጋል። የኛን ደወል በዓይናችን ፈለግን፤ የለም።

ጠላቂው ፒኖ ይባላል፤ ወፍራም፣ አጭር ሰው ነው። ልብሱን በሰፊ ዓይን አየሁት። ወፍራም ሸራ ከጎማ ጋር የተደረበ ነው፣ ከእግር እስከ አንገት አንድ ወጥ፣ ቁልፍ የለውም፤ የሰው ቆዳ እንኳ እንደዚያ አልተዘጋም። በላዩ መስኮት ያለው የነሐስ ራስ ደፍተው በብሎን ያጠብቁታል። ጫማው ሥር እርሳስ አለ። ሁለት ወታደሮች ታች ላለው ሰው መንኮራኩር እያዞሩ አየር በቱቦ ይልኩለታል። «እስትንፋሱን እነሱ ይዘውለታል» አለ አያ ደምሌ፤ ሁለቱ ወታደሮች እንዳይጣሉ እያየ ይሠጋ ነበር።

ፒኖ ወጥቶ የነሐሱ ራስ ሲወልቅለት አንዲት ሴት ቀረበችና ወንድሟ ሰጥሞ መቅረቱን ነገረችኝ። «ታች ሰው አላየህም ወይ በልልኝ» አለች። ጠየቅኩት። ዕቃ እንጂ ሰው አላየሁም አለ። «ይሁን» ብላ ሄደች። ፒኖም በዓይኑ ሸኛትና ሲጋራ ለኮሰ።

ደግሞ ገባ። ሞተሩን የሚጎትቱበት ገመድ ታች አንድ ነገር ይዞበት ነበርና ሊያስለቅቀው ነው። ብዙም ሳይቆይ ገመዱን እየወዘወዘ «አውጡኝ» አለ። ሲወጣ የክርኑ ላይ ልብስ ተቀዷል፤ ውሃ ገብቶበታል፤ ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። የዛገ ብረት ቀደደኝ አለ። መቶ አለቃው ሥራው ሊቆም ነው ብሎ ጮኸ። ወረቀቴ ላይ የተጻፈው ውሸት እውነት ሊሆን መሆኑ ገባኝ። «ሰፊ ነኝ» አልኩ።

ሐሙስ

ጠዋት በሰም በነከርኩት ክር ቀዳዳውን ሰፋሁ። በእኛ ዘንድ ቆዳ ስልቻ እንደሚሰፋ አድርጌ፣ ጫፉን ወደ ውስጥ አጥፌ፣ ጥቅጥቅ አድርጌ። ፒኖ በላዩ የመኪና ጎማ በሚለጠፍበት ሙጫ ጎማ ለጠፈበት። አየር ነፍተው ሞከሩት፤ አልተነፈሰም። ፒኖ ትከሻዬን መታ አደረገና የሥጋ ቆርቆሮ ከፈተልኝ። ሐሙስ ስለሆነ በላሁ።

መጋዝ ይዞ ገባ። እኛ ዳር ላይ ተቀምጠን ውሃው ላይ የሚወጣውን አረፋ እናያለን። አያ ደምሌ ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር። ከብዙ ቆይታ በኋላ ከላይ ያሉት ገመድ ሳቡ። የወጣው ረዥም፣ ጠፍጣፋ፣ ጥቁር፣ አናቱ የተበሳ ድንጋይ ነው። ቀዳዳው ላይ የዛገ ሰንሰለት ተንጠልጥሏል።

አያ ደምሌ አልተነሣም። እጁን አሸዋው ላይ ጫነ። እኔ ግን ያን ጊዜ በሙሉ ልቤ አመንኩት፤ እስከዚያ ባለማመኔም ፊቱን ማየት ከበደኝ።

ፒኖ የነሐሱ ራስ ወልቆለት ውሃ ጠጣና ነገረኝ። ገመዱ የተያዘው በዚህ ድንጋይ ነበር። ድንጋዩ በሰንሰለት ከሌላ ትልቅ ነገር ጋር ታስሯል፤ እሱ ጭቃ ውስጥ በአፉ ተደፍቷል። «ሰንሰለቱን ቆርጬ ገመዱን አስለቀቅኩ። ያንን ትልቁን በመጋዙ እጀታ ብመታው ድምፁ ክንዴን አነዘረኝ» አለ። ከዚያ ወደኛ ዞሮ፣ «ምንድን ነው?» አለ። መቶ አለቃው ሁለት ክንድ ርቆ ቆሟል።

«ምን አለ?» አለ አያ ደምሌ።

እንደሰማሁት ነገርኩት። ጨመርኩለትም። «ደወል ነው ካልን ዛሬውኑ ያወጡታል። ሰው ሁሉ ያያል፣ እኔም እመሰክራለሁ፤ ነጻ ወጣህ። ነሐሱን ግን ይወስዱታል። አያ ደምሌ፣ ቃሉ ያንተ ነው።»

ድንጋዩን አየ፣ ሐይቁን አየ። ሁለት ዓመት «በደወልህ እረስ» የተባለ ሰው ነው። ከቤቱ ልጅ አግብቶ የሚወስድ ጠፍቶ ነበር። እኔ ብሆን ምን እንደምል አውቃለሁ፤ ደወል ነው እል ነበር።

«ጋን ነው በለው» አለ። «የድሮ ነጋዴ የጠላ ጋን። ሸክላ።»

ተረጎምኩ። ፒኖ ተራ በተራ አየን። ሸክላ ሲመቱት ክንድ እንደማያነዝር ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ከዚያ ወደ መቶ አለቃው ዞሮ «ሸክላ ነው፣ አይረባም» አለ፤ ሲጋራውንም ለኮሰ። ለምን እንደዚያ እንዳለ እስከ ዛሬ አላውቅም። አዝኖልን ይሆናል፤ ጭቃ መቆፈር አስጠልቶትም ይሆናል። አልጠየቅኩትም።

ለስፌቱ ምን ልስጥህ ሲለኝ ድንጋዩን ጠየቅኩ።

«ለምንህ?»

«መቀስ መሳያ።»

ድንጋዩ ጥጃ ያህላል። መቶ አለቃው እስኪያስነጥሰው ሳቀና «የዚህ አገር ሰው እብድ ነው፣ ይውሰድ» አለ። የዛገችውን የሰንሰለት ቁራጭ ማንም ነገሬ አላላትም።

ስንጭን ግን በቅሎዋ አዘመመች፤ ማመዛዘኛ ያስፈልጋል። አያ ደምሌ ከዳር ተራ ድንጋይ መርጦ በሌላው ጎን አሰረ። «ያን ጊዜ በዚህ በኩል ነሐሱ ነበር» አለኝ። በላይነሽ የተጠበሰ ሽምብራ ቋጥራልን «ባሌ አልዋሸም ማለት ነው» አለች። አልዋሸም አልኳት።

ማምሻውን ባረፍንበት ቦታ ሰንሰለቱን ሳየው መጋዝ የበላው ጫፍ እንደ አዲስ መርፌ ያበራል። ሌላው ሁሉ ዝገት ነው። እኔ የሚያበራ ብረት ሳልቀባ ካደርኩ እንቅልፍ አይወስደኝም፤ የሙያ ጣጣ ነው። ከመቀሴ ዘይት አንጠባጥቤ በጨርቅ ጠቀለልኩት። ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

ዓርብና ቅዳሜ

መመለሻው ዳገት ነው። በቅሎዋ ጉማራ ላይ ዳግመኛ ተኛች፤ በዚህ ጊዜ ከነደወሉ። አያ ደምሌ «ይቺ ውሃ ደወላችንን አልጠገበችውም» ብሎ ተናደደባት። እመት ጥሩነሽ ቤት የሞቀ ውሃ ጠበቀን፤ ሳይጠየቅ እግሩን አቀረበ። ኬላው ላይ ያው ወታደር ነበር፤ ቁልፉ እንደተተከለ ነው። «ሰፊ ድንጋይም ይሰፋል?» አለን። «አገራችን ብርድ ነው፣ ሁሉም ልብስ ይፈልጋል» አልኩት። አሳለፈን።

ሐሳቤ ግን ሌላ ነበር። ያየሁትን ሳልቀንስ እናገራለሁ ብዬ ምያለሁ። ከሰበካችን መሐል ለጣሊያን ወሬ የሚያቀብል ሰው መኖሩን ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን። «ነሐሱ ቆራጣ ፊት ለፊት ተደፍቶ አለ» ካልኩ በሳምንቱ ፒኖ ይወርድበታል። ዝም ካልኩ ደምሌ ይገዘታል። መንገዱን ሁሉ ይህን አመነዥኩ፤ መላ አላገኘሁም። አያ ደምሌን ምን ልበል ብዬ ብጠይቀው «የማልከው አንተ ነህ» አለኝ።

እሑድ

ቅዳሴ ካበቃ በኋላ ሰው ደወሉ ይሰቀልበት ከነበረው ጥድ ሥር ተሰበሰበ። ድንጋዩን በጋቢ ሸፍነን አቆምነው። ቄሰ ገበዝ መስቀላቸውን አነሡ።

«አላምረው፣ ያየኸውን ተናገር።»

«ያየሁትን ይዤ መጥቻለሁ አባ» አልኩና ጋቢውን ገለጥኩ።

ድንጋዩን ሁሉም አወቀው። አንዳንዱ እልል ሊል አፉን ከፍቶ መለሰው፤ ምክንያቱም ከኋላ አንድ ሰው «ድንጋዩንማ ማን ይገዛል! ነሐሱን ሸጦ ይህን ውሃ ውስጥ ጥሎት ነው» አለ። ማጉረምረም ተነሣ። አያ ደምሌ መሬት መሬት ያያል።

ቄሰ ገበዝ ድንጋዩ አጠገብ ተንበርክከው ሰንሰለቱን ያዙ። እሳቸው ያስቀጠቀጡት ሰንሰለት ነው። ጨርቄን ፈቱት። ዝገቱን በአውራ ጣታቸው እየዳሰሱ መጡና ጫፉ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። ዘይቱን ጠረጉት፤ የተቆረጠው ብረት አበራ። የዛሬ ሁለት ዓመት የተቆረጠ ቢሆን እንደ ሌላው በዛገ ነበር። ይህ የተቆረጠው በዚህ ሳምንት ነው። እስከዚህ ሳምንት ድረስ ሁለቱ አልተለያዩም።

ቀና ብለው እኔን አዩኝ። አልተናገርኩም፣ ዓይኔንም አልሰበርኩም። ከዚያ ያንን ከኋላ የተናገረውን ሰው አዩ፣ ሰንሰለቱን ከቀዳዳው መዝዘው እጅጌያቸው ውስጥ ከተቱ። እንደገባቸው አወቅኩ፤ ለምን ዝም እንዳልንም እንደገባቸው አወቅኩ።

«ስቀሉት» አሉ።

ጎበዞች ጥዱ ላይ በጠፍር ሰቀሉት። ቄሰ ገበዝ መምቻውን ድንጋይ አንሥተው ለአያ ደምሌ ሰጡት። ሲመታው ድምፁ ያው የድሮው ነበር፤ ሐይቁ ምንም አልቀነሰበትም። ሴቶች አለቀሱ፤ እኔም ያው ሆንኩ።

ከዚያ ቄሰ ገበዝ በሰው ሁሉ ፊት ጎንበስ አሉ።

«ደምሌ፣ ልገዝትህ ነበር። አንተ ፍታኝ።»

አያ ደምሌ ደንግጦ ትከሻቸውን ይዞ ቀና አደረጋቸው። «እግዜር ይፍታ አባ፤ እኔ ማን ነኝ?» አለ። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞረ። አንድ ነገር ሊጠይቅ መሆኑ ገባን። መሬት ይጠይቃል፣ ካሣ ይጠይቃል ብለን ጠበቅን።

«እንግዲያ በሬዬን በስሙ ጥሩልኝ» አለ። «ስሙ ቦራ ነው።»